የሀያት ሻርፕ

ይሄ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ ተመርቄ ሥራ አጥቼ ቤት በተቀመጥኩበት ሰሞን ነው። ዛሬም ሻርፕ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ያናድደኛልም።

እህቴ አሰንዳቦ ከተማ ስለምትሠራ ልጇን ናቲን እዚህ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር የምይዘው እኔ ነኝ። እሷ የምትመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው። ናቲ እኩዮቹ ሲሮጡ እሱ ግድግዳ ካልያዘ አይሄድም። የተማርኩት ደግሞ የሕፃናት ትምህርት ነው፤ እልህ ያዘኝ። ትራስ ደርድሬ በላዩ አስኬድኩት፣ ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ፣ ኳስ አስመታሁት፤ ግድግዳውን ግን አልለቅ አለ። እናቱ ስትመጣ በእግሩ ሄዶ እንዲቀበላት ፈለግኩ። የማስኬደው ደግሞ እኔ መሆን አለብኝ አልኩ።

ጎረቤታችን ሀያት አብራኝ ነው የተመረቀችው። ሁለታችንም አንድ የሕፃናት ማቆያ ለሥራ አመልክተን እሷ ገባች፣ እኔ ቀረሁ። ቆንጆም ናት። በቃ፣ አልወዳትም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብቅ አለች። ናቲ ገና ሲያያት ተፍነከነከ። ትከሻዋ ላይ የጣለችውን ሻርፕ አንዱን ጫፍ አስያዘችው፣ ሌላውን ራሷ ይዛ ወደ ኋላ እየሄደች በኦሮምኛ "ኮቱ፣ ኮቱ አባኮ!"፣ ና፣ ና አባቴ፣ እያለች ጠራችው። እየተንገዳገደ ተከተላት። ከዛ ቀስ ብላ ጫፉን ለቀቀችው። እሱ የያዘችው መስሎት ሻርፑን መሬት ለመሬት እየጎተተ ብቻውን ሄደ!

"ማሻአላህ! ኧረ እዪው እንጂ፣ ምን ያስኮርፍሻል?" አለችኝ።

"ማን አኮረፈ?" አልኩ። ልቅሶዬ ግን መጥቶ ነበር።

ወዲያው እህቴ ገባች። ሲሄድ ስታየው ቦርሳዋን ጥላ ተንበረከከች። "ናቲዬ! ና ወደ ማሚ!"

ልጁ ሻርፑን እንደያዘ ሀያትን አለፋት። እናቱንም አለፋት። መጥቶ እግሬ ላይ ተጠመጠመና የሻርፑን ጫፍ፣ ያዢልኝ እንደማለት፣ ሰጠኝ።

እህቴ ለመሳቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ ጠዋቱን ሙሉ የኔ ፊት ነበር። "እናቱ አንቺ ሆነሻላ" አለችኝ፣ ቦርሳዋን ከመሬት እያነሳች። የሻርፑን ጫፍ አቀበልኳት።

ናቲ አሁን ይሮጣል። በሀያት እስካሁን እቀናለሁ፣ አልዋሽም። ቅዳሜ ግን እህቴ ስታንኳኳ ጓዳ እገባለሁ፤ ናቲ ከእናቱ ሌላ ሮጦ የሚያቅፈው ሰው እንዳያይ። እዛ ሆኜ እናትና ልጅ ሲሳሳቁ እሰማለሁ። ሳቃቸውም ያስቀናኛል።