ጫማዬን አውልቄ የገባሁባት ፍሎረንስ

ጅቡቲ ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ አቅም ያለው ይወጣል። ከበረሃው የሚነሳው ንፋስ አቧራውን ይዞ ሲገባ የበር እጀታ እንኳ እጅ ይለበልባል። ፈረንጆቹ ወደ አገራቸው፣ የከተማው ባለጸጋ ወደ ደጋው ይሄዳል፤ እኛ ሠራተኞቹ ቁልፍ ይዘን እንቀራለን። እኔም ራስ ዲካ በሚባለው ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ያለውን የማዳምን ቤት ስንት ክረምት ብቻዬን ጠብቄያለሁ።

ማዳም ፈረንሳዊት ናቸው። ባላቸው ወደብ ይሠሩ ነበር፤ ሞተው እዚሁ ተቀበሩ፤ እሳቸውም እዚሁ ቀሩ። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ነበር የቀራቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ መልክ አይለዩም። እኔ ያኔ የልጅ ልጅ አይቻለሁ፣ እግሬ ግን ገና አልደከመም ነበር። ከድሬዳዋ በባቡር ወርጄ፣ ታጁራ ብዬ፣ ኦቦክ ብዬ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ሳልወድ ዞሬ ዞሬ ነው እሳቸው ቤት የረጋሁት።

ስቀጠር ሥራሽ ምግብ መሥራት ነው ተብዬ ነበር። እያደር ግን ዋናው ሥራዬ መናገር ሆነ። በረንዳ ላይ እንቀመጥና «እህ፣ ዛሬስ ምን አለ?» ይሉኛል። «ትልቅ መርከብ ገብቷል፣ ወገቡ ዝጓል። ፍየሎቹ አውቶቡሱ ጥላ ሥር ተኝተዋል፤ ሹፌሩ ሊያስነሳቸው ይጮኻል፣ እነሱ ያመሰኳሉ» እያልኩ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። ፈረንሳይኛዬ የወጥ ቤት ፈረንሳይኛ ነው። የጎደለውን በሶማሊኛና በዓረብኛ እሞላዋለሁ፤ እሳቸው ሁሉንም ይሰማሉ።

የኛ ሚሊኒየም ሊገባ ሲል፣ ግንቦት ላይ፣ ልጃቸው ደወለ። የሚኖረው ኒስ በምትባል የፈረንሳይ የባሕር ከተማ ነው። ለእናቱ እዚያው የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ቦታ ይዞላቸው ኖሯል። ማዳም ስልክ ሲያወሩ ድምፁን ከፍ ስለሚያደርጉት ሁሉን ሰማሁ።

«እሺ፣ እመጣለሁ። ግን በራሴ መንገድ ነው» አሉት። «ፓሪስን፣ ቬኒስን፣ ፍሎረንስን አይቼ አንተ ጋ እደርሳለሁ። በደህና ከደረስኩ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። መንገድ ላይ አንድ ችግር ከገጠመኝ ያልከው ቤት እገባለሁ። ቃሌ ነው።»

«ማን ይዞሽ?»

«እሷ ናታ፣ አብራኝ ያለችው።»

«እማዬ፣ ያቺ ሴት መጀመሪያ ያገኘችው ባቡር ጣቢያ ላይ ጥላሽ ትጠፋለች!»

ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ሻይ የሚሸጡት ጓደኞቼም እንደሱ ነው ያሰቡት። ዓርብ ዕረፍቴ ስለሆነ ሄጄ ቪዛ እንደተመታልኝ ብነግራቸው፣ አንዷ ጣቷን ዓይኔ ሥር ቀስራ «አንቺ ሴት፣ ትመለሺና ውርድ ከራሴ!» አለችኝ።

«እዚያ ምን ሠርቼ ልኖር ነው?»

«እዚህስ ምን ሠርተሽ ነው? ይኸንኑ እዚያ ሥሪያ!»

ሻይ ሊጠጣ የተቀመጠ የከባድ መኪና ሹፌር፣ «እትዬ፣ እኔ አዲስ አበባ ጅቡቲ ስመላለስ መንገድ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ እርስዎ ቀደሙኝ» ብሎ አሳቃቸው። እኔ ግን የማዳም ቃል ነበር የከበደኝ። ጅቡቲ የሚመለሱትም የማይመለሱትም በኔ ክንድ ላይ ተደግፈው ነው።

ፓሪስን ሦስት ቀን አየናት፤ አየናት ከተባለ። ትልቅ ናት፣ ሰዉ ሁሉ አንድ ነገር ያመለጠው ይመስል ይሮጣል። ደስ ያለኝ ወንዟ ነው። አዛውንቶች ዳሩ ላይ ወንበር ዘርግተው መጽሐፍ ይሸጣሉ፤ ገዢ ቢመጣም ባይመጣም ግድ የላቸውም።

ቬኒስ ግን! የወደብ ከተማ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ውኃው ላይ ከቆሙት ቤቶች ይልቅ ጭነቱ ነው የገረመኝ። መኪና የሚባል የለም። ቢራው በጀልባ፣ ቆሻሻው በጀልባ፣ አንድ ቀን ደግሞ ማቀዝቀዣና ሶፋ በጀልባ ሲሄድ አየሁ፤ ሶፋው ላይ ሰውየው እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ለማዳም ስነግራቸው ድልድዩን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሣቁ። «ባሌ ይህን ከተማ አራት ጊዜ አሳይቶኛል፤ ሶፋውን ግን አላሳየኝም» አሉ። ትልቁ ቤተክርስቲያን ደጃፍ ሰልፉ ረጅም ስለነበር ሳንገባ ቀረን።

ፍሎረንስ ስንደርስ ሁለት ከተማ በደህና አልፈን አንዲት ቀርታናለች። ጣራው ሁሉ ቀይ ሸክላ ነው፣ ወንዙ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። አንደኛው ድልድይ ግራና ቀኙን የወርቅ ሱቅ ተደርድሮበታል፤ ካላወቁ ድልድይ ላይ መሆንዎን አያውቁም። ተሻግረን ስንሄድ ፀሐዩ በረታና አንዲት ትንሽ ቤተክርስቲያን አገኘን። «ገብተን እንረፍ» አሉ ማዳም።

የፈረንጅ ቤተክርስቲያን ገብቼ አላውቅም። እኛ ዘንድ ጫማ ተወልቆ ነው የሚገባው፤ ጅቡቲ መስጊዱም ያው ነው። ስለዚህ የእግዜር ቤት ሁሉ እንደዚያ መሰለኝ። በሩ ሥር ደግሞ የእንጨት ሣጥን አለ፤ ጎንበስ ብዬ ባይ ውስጡ ጫማ ነው። ጎሽ፣ ማስቀመጫም አላቸው ብዬ፣ ለመንገዱ ብዬ የገዛሁትን ጥቁር ጫማዬን ከተትኩ። መቃኑን ተሳልሜ፣ ማዳምን ይዤ ገባሁ። እሳቸው እግሬን አያዩ፣ እኔ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን አላነብ።

ስንወጣ ሣጥኑ ባዶ ነው። አንዲት አሮጊት መነኩሲት ባዶ እግሬን አይታ፣ ሣጥኑን አይታ፣ ራሷን ያዘች። ለድሆች ልብስና ጫማ የሚጣልበት ኖሯል! በእጇ ጋሪ የሚገፋ ሰው አስመስላ አሳየችኝና መንገዱን ጠቆመችኝ። ማዳምን መልሼ አግዳሚው ላይ አስቀምጬ «እንዳይነሱ፣ መጣሁ» ብዬ ጋሪውን ፍለጋ ሮጥኩ። ድንጋዩ ጠብሶኛል። ሦስት መንገድ ዞሬ ደረስኩበት፤ ሰዎች ተሰብስበው ዕቃ ይታደላል። ጫማዬን አየሁት። አንዲት እንደኔ ያለች ሴት አድርጋው እየተንጎራደደች፣ እግሯን እያነሳች ለጓደኞቿ ታሳያለች። እንዴት አውልቂ እላታለሁ? ሰጪው ከተረፈው አንድ ትልቅ የወንድ ሸራ ጫማ ሰጠኝ፤ ያንን እየጎተትኩ ተመለስኩ።

ለካ በዚያች ሰዓት ልጃቸው በእጅ ስልካቸው ደውሏል። ማዳም ራሳቸው ነገሩኝ።

«ሠራተኛሽ የት አለች?» አላቸው፤ «ጫማዋን ልትፈልግ ሄዳለች» አሉት።

«ጫማዋ እግሯ ላይ አይደለም እንዴ?»

«ቤተክርስቲያን ስትገባ አውልቃዋለቻ።»

«እማዬ፣ ዛሬ ዕለቱ ማን ነው?» አላቸው። እናቴ አበደች ብሎ እኮ ነው!

በነጋታው ቀትር ላይ መኪናውን እያበረረ መጣ። ሆቴሉ በር ላይ ሲያገኘኝ መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ ሸራ ጫማዬን አየ።

«እርስዎ አልጠፉም?» አለኝ።

«ጌታዬ፣ በዚህ ጫማ ወዴት ልጥፋ?»

ሊስቅ ሲል ዋጥ አደረገው። «ቢሆንም ችግር ገጥሟል። ዓይኗ የማያይ ሴት ባዕድ ከተማ ብቻዋን ተቀምጣለች። እማዬ፣ ቃል ቃል ነው» አላቸው። ማዳም አልተከራከሩም። ኒስ እስክንገባ አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። ጥፋቱ የኔ፣ ቅጣቱ የሳቸው።

የአረጋውያኑ መኖሪያ ባሕሩን ቁልቁል ያያል። አንዲት ሴት ቅጽ ይዛ ተቀበለችን። ማዳም አዳራሹ መሐል ቆመው ክንዴን ጫን አሉና «ንገሪኝ» አሉ።

ጨነቀኝ። አስቀያሚ ነው ብል ውሸት ነው። ያምራል ብል ቀሩ ማለት ነው። መዋሸት ግን አልሆነልኝም።

«ያምራል፣ ማዳም። ወለሉ ፊት ያሳያል፤ መጋረጃው ነጭ ነው። ባሕሩ ከኛው ይልቅ ሰማያዊ ነው፤ ደጁ አበባ በአበባ ነው። የተቀበለችን ሴት ፊቷ ብሩህ ነው።»

ልጃቸው በምስጋና ዓይን አየኝ።

«ሰዎቹስ?»

«አሥራ አንድ ናቸው። ሁሉም ወደ ባሕሩ ዞረው ተቀምጠዋል።»

«ምን እያሉ ነው?»

«ምንም።»

«ባሕሩ ላይ ምን አለ?»

«ሦስት ጀልባ። አንዷ ላይ ያሉት ልብሳቸውን ምሰሶው ላይ አስጥተዋል፤ ቀዩ ሱሪ ሊበር ነው... ኧረ በረረ! ሰውየው በመቅዘፊያ እያባረረው ነው።»

ማዳም ሣቁ። ያ ሣቅ በዚያ ጸጥ ባለ አዳራሽ ሲሰማ ከተቀመጡት አንዷ ሴትዮ ወደኔ ዞረው «ያዘው?» ብለው ጠየቁኝ። ዓይናቸው ደህና ነው፤ እዚያው ፊታቸው ያለውን ነው የጠየቁኝ። «አልያዘውም፣ ሰመጠ» አልኳቸው። ሌላው ሽማግሌም ወንበራቸውን ወደኛ ጎተቱ።

ልጃቸው ቆሞ አየን። ጀልባዋን አየ፣ እናቱን አየ፣ ወንበሩን የጎተቱትን ሽማግሌ አየ። ከዚያ ቅጹን የዘረጋችለትን ሴት «ይቅርታ፣ ዛሬ አንሞላም» አላት።

ደጅ ስንወጣ፣ «ጅቡቲ ስትመለሺ በየእሑዱ ትደውይልኛለሽ። ሳትረሺ» አላቸው።

«አንተ ደውል! ለኔ ቁጥሩ ይታየኛል?» አሉት ማዳም፤ እንዲሁ ሲነታረኩ መኪናው ጋ ደረሱ።