በሽታውን አባቴ አላመጣውም

ባለፈው ሳምንት የሥነ ሕይወት መምህራችን ተህዋስያንም እንደ ሰው ቅርብና ሩቅ ዘመድ እንዳላቸው ሲያስረዱ፣ ጎኔ የተቀመጠችው ልጅ «ይሄ ለፈተና ካልሆነ ለምን ይጠቅማል?» አለችኝ። መልስ ነበረኝ፤ ረጅም ስለሆነ እዚህ ጻፍሁት።

ያደግሁት ድንበር አካባቢ፣ ከኮኪት ከተማ አጠገብ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ ዝናቡ በበረታበት ነሐሴ፣ የአካባቢያችን ሰሊጥ ቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ እያወጣ ረገፈ። አባቴ ያን ዓመት የዘራው ከድንበሩ ማዶ፣ ከጋላባት ወዳጁ ያገኘውን ዘር ነበር። ስለዚህ ጥፋተኛ ፍለጋው ብዙ አልቆየም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ መጪው ክረምት ሳይገባ ከዚያ ሰሊጥ የሚይዘውን ዘር ሁሉ እንዲያቃጥል ፈረዱበት።

«በሽታው ከእኔ መምጣቱ ይረጋገጥ» አለ አባቴ። «ያኔ ክብሪቱን ራሴ እጭራለሁ።»

በዚያው ሰሞን አንዲት የምርምር ባለሙያ የታመመ ቅጠል ሊሰበስቡ መጥተው ነበር። ለመርዳት ጓጉቼ ከሰባት ማሳ ለቅሜ፣ በፌስታል ቋጥሬ ወሰድሁላቸው። በቆላው ሙቀት በስብሶ ደረሰ። ባለሙያዋ ሳይቆጡ «በወረቀት ነው የኔ ልጅ፤ የባለማሳውን ስም እየጻፍሽ» አሉኝ።

እንደገና ዞርሁ። ጭቃው ጫማዬን እየነጠቀኝ ከዋናው ከሳሻችን ከአያ ሞላ ማሳ ስደርስ እያረሙ ነበር።

«ደግሞ ምን ልታመጪብን ነው?»

«ላመጣ አይደለም አያ ሞላ፣ ልወስድ ነው። ሁለት ቅጠል።»

«ባልሰጥሽስ?»

«ከስምዎ ጎን “ፈርተው ከለከሉ” ብዬ እጽፋለሁ።»

አብሯቸው የሚያርመው የጎጃም ሠራተኛ «ይስጧት እንጂ፤ ቅጠል እንጂ ልጅዎን መች ጠየቀች» አላቸው። አያ ሞላ በንዴት ቀጥፈው ወረወሩልኝ።

ውጤቱ ግንቦት ላይ መጣ። ባለሙያዋ በስብሰባ ላይ ቀስ ብለው አስረዱ፦ በሽታው በቅርቡ በአንድ ሰው ዘር ገብቶ ቢሆን፣ በየማሳው ያለው ባክቴሪያ እንደ አንድ እናት ልጆች ይመሳሰል ነበር። የእኛ አገሩ ባክቴሪያ ግን ብዙ ቤተሰብ ነው። እንዲህ እስኪለያይ እዚሁ ረጅም ዘመን ኖሯል። ከአያ ሞላ ማሳ ብቻ ሦስት ዓይነት ተገኘ። የእኛም ማሳ ንጹሕ አልነበረም።

«ታዲያ ዘሩን ማን ያቃጥል?» አሉ አያ ሞላ።

«ወይ ሁላችንም እናቃጥል፣ ወይ ማንም አያቃጥል» አለ አባቴ።

ይቅርታ የጠየቀን የለም። በሽታውም አልጠፋ፤ አሁን ሁሉም ጤነኛውን ተክል እየለየ ዘር ይይዛል። ያ ሁሉ ልፋት ያመጣው ለውጥ አንዳንዴ ትንሽ ይመስለኛል። ግን የሰው ስም ለማጥፋት ግምት ብቻ እንደበቃ፣ ለማጽዳት ግን ሰባት ማሳ ሁለት ጊዜ መዞር እንዳስፈለገ ሳስብ እልሄ ይመለሳል። አባቴ ያን ዘር ዛሬም ይዘራዋል፤ ያውም ከመንገዱ ዳር፣ ሁሉም በሚያየው ማሳ ላይ።