በእሷ ስም የመለስኳቸው መልሶች

ቤሩት አጠገብ፣ አንጠልያስ ውስጥ አንድ ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የማዳሜ ሴት ልጅ ከተወለደች ጀምሮ እጅና እግሯ አይታዘዙላትም፤ ስትናገርም ቃሉ ተሰባብሮ ነው የሚወጣው። በልቤ «ልጅቷ» ነበር የምላት። ከእኔ በሁለት ዓመት እንደምትበልጥ ያወቅኩት ሐኪም ቤት መታወቂያዋን ስይዝላት ነው። ካወቅኩም በኋላ አጠራሬን አልተውኩም።

አረብኛ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ማዳሜ ሱቋ ስለምትውል ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። መጀመሪያ አንድም ቃል አይገባኝም። እሷ ግን አትሰለችም፤ ማንኪያውን በዓይኗ ታሳየኝና ስሙን ትነግረኛለች፣ ስሳሳት ትስቅብኛለች፣ ከዚያ እንደገና ትነግረኛለች። ዓመት ሳይሞላኝ እናቷ እንኳ የማትሰማውን እኔ እሰማ ጀመር። አንድ ቀን አትክልት ሻጩ «ምነው፣ አረብኛሽ እንዲህ የሚንተባተበው ማን አስተምሮሽ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ይህን ስነግራት ከዊልቸሯ ልትንሸራተት እስክትደርስ ሳቀች።

በአራተኛው ዓመቴ ከዩኒቨርሲቲ ሦስት ሰዎች መጡ። አንዲት መምህርትና ሁለት ተማሪዎች ናቸው። መናገር ለሚከብደው ሰው የሚናገር መሣሪያ እየሠሩ ነበር፤ ያኒ፣ ማለቴ ታብሌት ሆኖ፣ ጉንጭ አጠገብ በሚገጠም ቁልፍ ሥዕል እየመረጡ የሚያናግሩት።

«ምን ምን ቃል እንደምናስገባበት ራሷን ልንጠይቅ ነው የመጣነው» አለች መምህርቷ፣ ወደ ልጅቷ ዞራ።

ልጅቷ ደስ ሲላት አንገቷ ይቀላል። ያን ቀን ቀላ። ብዙ ጊዜ ወስዳ፣ ምራቋን እየዋጠች ተናገረች። እንዲህ ነበር ያለችው፦ «መጀመሪያ "አልፈልግም" የሚለውን አስገቡልኝ። ቀጥሎ "ብቻዬን ተዉኝ"። ከዚያ ደግሞ "እማዬ፣ ስለ እኔ አንቺ አትመልሺ"።»

ተማሪዎቹ አልገባቸውም። ሁሉም እኔን አዩኝ። ማዳሜም አየችኝ፤ ጭማቂ የያዘ ትሪ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ።

«ውሃ ትላለች» አልኩ። «ምግብ፣ ሽንት ቤት፣ አመመኝ። አመሰግናለሁ የሚለውንም ትፈልጋለች።»

ልጅቷ «ላ!»፣ አይደለም ብላ ጮኸች። «ላ! ላ!» ገላዋ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልግም ነበር። እኔ ግን ትከሻዋን ያዝ አድርጌ «ታዕባኔ፣ ደክሟታል» አልኳቸው። ማዳሜም «ውይ ሐራም፣ ምስኪን፣ ቶሎ ነው የምትደክመው» አለች። ተማሪዎቹ እኔ ያልኩትን ጽፈው፣ መርሲ ብለው አመስግነው ሄዱ።

ማዳሜን ፈርቼ ነው እያልኩ ብዙ ጊዜ ለራሴ ተናግሬያለሁ። መፍራቴ እውነት ነው። ግን ሌላም ነገር ነበር። እንግዳም መጣ ሐኪም፣ እሷ በተናገረች ቁጥር ሁሉም የሚያየው እኔን ነው። ያ ቤት ውስጥ እንደ ሰው የምቆጠረው በዚያ ሰዓት ብቻ ነበር። መሣሪያው በእኔ ቦታ ከተናገረ እኔ መጥረጊያና ባልዲ ይዤ ልቀር ነው። ይህን ያሰብኩት በኋላ አይደለም፤ ያኔውኑ፣ አፌን ስከፍት ነው።

ምሳ ላበላት ስቀርብ አፏን አልከፍት አለች። ካየችኝ በኋላ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች።

«አንቺም?»

ያልሰማሁ መስዬ ማንኪያውን አነሳሁ።

ከወራት በኋላ መሣሪያው መጣ። ብርጭቆ፣ ሳህን፣ ሽንት ቤት፣ የሚያለቅስ ፊት ተሥሎበታል። ቁልፉን አንዴ በጉንጯ ነካችው። «አመሰግናለሁ» አለ፣ በትንሽ ሕፃን ድምፅ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ከዚያ ወዲያ አልነካችውም። ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ሞከሩ። በመጨረሻ አንደኛው ተማሪ ለመምህርቷ ዝቅ ባለ ድምፅ «ምናልባት የመረዳት ችግር ይኖርባት ይሆናል» ሲል ሰማሁት። በር ላይ ቆሜ ነበር። እሷ በቀን አንድ ጋዜጣ የምትጨርስ፣ ገጹን እኔ የምገልጥላት ሰው ናት። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። ማዳሜ መሣሪያውን ከክረምት ብርድ ልብሶች ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

ዓመት ካለፈ በኋላ መምህርቷ አንድ ሰው ይዛ ተመለሰች። እሱም በዊልቸር የሚሄድ ነው፤ አብሯቸው ሊሠራ ከገባ ብዙም አልቆየም። ልጅቷ ስትናገር እንደ ልማዴ ልተረጉም አፌን ከፈትኩ።

«ይቅርታ እህቴ» አለኝ በትሕትና። «አንቺ አትመልሺልኝ። ጊዜ አለኝ።»

ፊደላት በመስመር የተጻፉበት ካርቶን አውጥቶ ጣቱን በላዩ ላይ ያንሸራትት ጀመር። የምትፈልገው ፊደል ላይ ሲደርስ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ እሱ ይጽፋል። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ዕቃ አጥባለሁ፣ ጆሮዬ ግን እነሱ ጋ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጮክ ብሎ አነበበ፦

«የሕፃን ድምፅ ነው። እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው።»

መምህርቷ «ልክ ነሽ» አለች። እንደገና ጣቱ ሄደ። እንደገና አነበበ፦

«ቃላቱን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም።»

«ማን መረጠው?» ሲል ጠየቀ።

እጄ ውሃ ውስጥ ቀረ። ስሜ አጭር ነው፤ በአረብኛ አራት ፊደል ነው። ጣቱ ከመስመር መስመር ሲሄድ በበሩ አየሁት። እስከ መጨረሻው ሄደ፣ ደግሞም ተመለሰ። ዓይኗን አልጨፈነችም። ጣሪያውን ታያለች።

«ኸላስ፣ ይለፍ» አለ ሰውየው።

ከዚያ በኋላ በወር ሁለት ጊዜ ራስ ቤሩት፣ ዩኒቨርሲቲያቸው እወስዳት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ከእነሱ እኩል ትቀመጣለች። የብዙ ሴቶችን ድምፅ አሰምተዋት አንድ ጎርነን ያለ መረጠች። «አልፈልግም» የሚለው ትልቁ ቁልፍ ሆነ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ስትስቅ እሰማለሁ። ቤት ስንመለስ እንደ ድሮው ታወራኝ ነበር፤ ስለዚያ ቀን ግን እሷም አላነሳች፣ እኔም አላነሳሁም።

መሣሪያው ሳያልቅ ጦርነቱ ወደ ቤሩት ቀረበ። ማዳሜ ልጇን ይዛ ፈረንሳይ ወንድሟ ጋ ልትሄድ ቆረጠች። የልጅቷን ልብስ በሻንጣ ሳስገባ አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ «ያን ቀን፣ ስለ ቃላቱ...» ብዬ ጀመርኩ። ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ ጠበቀችኝ። ማዳሜ «ያላ፣ ያላ፣ ቶሎ፣ መኪናው መጥቷል!» እያለች ገባች። ዚፑን ዘጋሁት።

አሁን እዚያው ቤሩት ዳር፣ ሐዝሚዬ አንዲት አሮጊት ጋ እሠራለሁ። ያን ባለ ዊልቸር ሰውዬ አንድ ጊዜ መንገድ ላይ አገኘሁት፤ ልጅቷ ከፈረንሳይ በስክሪን አብራቸው እንደምትሠራ፣ መሣሪያውም እንዳለቀ ነገረኝ። የስልክ ቁጥሯንም ሰጠኝ። የድምፅ መልእክት ልልክላት ሦስት ጊዜ ቀድቻለሁ። መልሼ ስሰማው ሦስቱም ማዳሜን እንዴት እፈራ እንደነበር በማስረዳት ይጀምራሉ፤ አጥፍቻቸዋለሁ። በራሴ የሚጀምረውን ገና መቅዳት አልቻልኩም።