የአሥራ አራተኛው ፍጻሜ ግብ

የዋንጫው ውድድር ጽሕፈት ቤት ከስታዲየሙ መቀመጫዎች ሥር ነበር። ጨዋታ ባለ ቀን ጎል ሲገባ ሕዝቡ ከላይ ይዘላል፤ ከጣሪያው የኖራ ብናኝ ቦነን ብሎ ይወርድና መዝጋቢው ደብተር ላይ ያርፋል። መዝጋቢው እፍ ብሎ ያራግፈውና ሥራውን ይቀጥላል። ሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲህ ሲያራግፍ ኖሯል።

ሥራው የውድድሩን ጨዋታዎች፣ በተለይ ደግሞ የፍጻሜዎቹን መመዝገብ ነው። መዝገቡ ጥቁር ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር ነው፤ እሱ ግን ደብተር መግለጥ አያስፈልገውም ነበር። ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች በኳስ ሲከራከሩ ካዩት "በል ና ገላግለን!" ይሉታል። የመጀመሪያው ፍጻሜ ኳሷ ፈንድታ ሌላ እስኪፈለግ አርባ ደቂቃ መቆሙን፣ በስድስተኛው ሁለቱም ቡድኖች ቀይ ማሊያ ለብሰው መጥተው አንደኛው ማሊያውን ገልብጦ መጫወቱን፣ በዘጠነኛው መለያ ምቱ አልቆርጥ ብሎ በረኞቹ ራሳቸው መምታት መጀመራቸውን አንድ ባንድ ይተርክላቸዋል። "እሱ ካለ አለ ነው" ብለው ክርክራቸውን ይዘጋሉ።

አሥራ አራተኛውን ሲጠይቁት ግን ያሳጥረዋል። "አንድ ለዜሮ፤ በሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ፤ በቴስታ" ይልና ሻዩን ያማስላል። የቀረውን እነሱ ይጨርሱለታል።

"ያንተው ወንድም ነዋ! ሰማንያ ዘጠኝ!"

"ሰማንያ ዘጠኝ" የታላቅ ወንድሙ ቅጽል ስም ነው። አባታቸው ሲሞት መዝጋቢው ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ ወንድሙ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ። ከዚያ ወዲህ አባትም ወንድምም ሆኖ ያሳደገው እሱ ነው። ጫማውን የሚያስርለት እሱ፣ ትምህርት ቤት ሲጠሩት የሚሄድለት እሱ፣ ሲታመም አዝሎ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው እሱ። መዝጋቢው በዚያ ጽሕፈት ቤት ሲቀጠር ወንድሙ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሞልቶት፣ ጉልበቱ ከድቶት፣ ዓመቱን ሙሉ አንድም ጎል ሳያገባ የሚንገታገት አጥቂ ሆኖ ነበር። ደጋፊው "ሽማግሌውን አስወጡልን!" እያለ ይጮህበት ነበር። ክለቡም ሊያሰናብተው መወሰኑን መዝጋቢው ሰምቷል፤ ወንድሙ ብቻ ነበር ያልሰማው።

አሥራ አራተኛው ፍጻሜ የተደረገው እሱ በተቀጠረ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከዋዜማው ጀምሮ የጣለው ዝናብ የሜዳውን ዳር ስላጥለቀለቀው የመዝጋቢው ጠረጴዛ ከማዕዘኑ ባንዲራ አጠገብ፣ ከጎሉ ጎን ተቀመጠ። ከእሱ የቀረበ ሰው አልነበረም። በሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ የማዕዘን ምት ተሻማ። ወንድሙ ዘለለ፤ ኳሷ ፀጉሩን እንኳን ሳትነካ አለፈች። ከኋላው የነበረው የቡድን ጓደኛው ሁለት ቁጥር፣ ቀን ቀን በግንበኝነት የሚሠራው ተከላካይ፣ አጎንብሶ ገባና በጆሮ ግንዱ መታት። በዚያችው ቅጽበት የበረኛው ጉልበት አፍንጫው ላይ አረፈ። ግንበኛው ጭቃው ላይ ተዘረረ፤ ኳሷ መረብ ውስጥ ገባች። ወንድሙም እጆቹን ዘርግቶ ወደ ሕዝቡ ሮጠ።

አንድ ዓመት ሙሉ የሰደበው ሕዝብ ስሙን እየጠራ ሲያለቅስ መዝጋቢው አየ። ጨዋታው ሲያልቅ ዳኛው ጭቃውን ከፊቱ እየጠረገ ወደ ጠረጴዛው መጣ።

"በግርግሩ ቁጥሩን አላየሁትም። ማነው ያገባው?"

ግንበኛው ከሜዳው ውጪ ተንጋሎ ደሙን በፎጣ ያስጠርጋል። ወንድሙ በሰው ትከሻ ላይ ነው።

"ዘጠኝ ቁጥር" አለ መዝጋቢው የወንድሙን ቁጥር ጠርቶ፤ ጻፈውም።

ማታ ቤት ሲገባ ወንድሙ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ የታኬታውን ጭቃ በእንጨት ይፍቅ ነበር።

"አየኸው አይደል?" አለው ቀና ሳይል።

"አየሁት።"

"ማን ብለህ ጻፍክ?"

"አንተን።"

ወንድሙ ጭቃውን ሲፍቅ ቆየና "እሺ" አለ። በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥም ሁለቱ ስለዚያች ግብ ሌላ ቃል አልተነጋገሩም።

ያቺ ግብ ለወንድሙ ያልሆነችለት ነገር የለም። ክለቡ ማሰናበቱን ትቶ አሠልጣኝ አደረገው። በኋላም "ሰማንያ ዘጠኝ የስፖርት ዕቃዎች" የሚል ታፔላ ሰቅሎ ሱቅ ከፈተ። ግንበኛው በዓመቱ ጉልበቱ ተጎድቶ ከኳስ ወጣና ወደ ሲሚንቶው ተመለሰ። መዝጋቢው አንዳንዴ መንገድ ላይ አሸዋ ሲነፋ ካየው ይሻገራል። ሆዱ እያወቀ ሰላም ማለቱን አልቻለበትም።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ሃምሳኛው ፍጻሜ ሲቃረብ ጽሕፈት ቤቱ የፍጻሜዎቹን ሁሉ ታሪክ በመጽሐፍ ሊያሳትም፣ የማሸነፊያ ግብ ላስቆጠሩትም ሁሉ ሜዳሊያ ሊሰጥ ወሰነ። መጽሐፉን የሚያዘጋጀው መዝጋቢው ነው። ቢሮውም ለበዓሉ ቀለም ይቀባ ተባለና አንድ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ቀለም ቀቢ መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፍጻሜዎች ዝርዝር ሲያነሣ ሳቅ አለ።

"ይቺን ወረቀት አውቃታለሁ" አለ። "ድሮ በስታዲየሙ በር ላይ ትለጠፍ ነበር አይደል? አባቴ የአሥራ አራተኛውን ፍጻሜ ጎል ያገባሁት እኔ ነኝ እያለ ይተርክልን ነበር። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ማንበብ ቻልኩና እዚያው በሩ ላይ 'አባዬ፣ ስምህ እኮ የለም' አልኩት፤ ያውም ጓደኞቼ ፊት። ከዚያ ወዲህ ስለ ኳስ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ምስኪን! ልጆቹን ደስ ሊያሰኝ ነበር እኮ።"

መዝጋቢው የያዘውን ብዕር አስቀመጠ። እስከዚያች ቀን ድረስ ራሱን ሲያጽናና የኖረው "ግንበኛው አንድ ጎል ቀረበት፤ ጎል ደግሞ እንጀራ አይሆን" እያለ ነበር። ሰውየውን በገዛ ልጁ ፊት ውሸታም እንዳደረገው አላወቀም።

በማግስቱ የወንድሙ ሱቅ ሄደ። ወንድሙ ኳስ እየነፋ ነበር።

"ጋሽዬ፣ መዝገቡን ላስተካክል ነው።"

ወንድሙ የትኛውን ብሎ አልጠየቀም። መንፊያውን አስቀመጠ።

"እኔ ጻፍልኝ ብዬሃለሁ?"

"አላልከኝም።"

"ታዲያ!"

"ለዚህ እኮ ነው ጥፋቱ የእኔ የሆነው።"

"ጥፋቱ ያንተ፣ ውርደቱ የእኔ!" አለ ወንድሙ። "ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ አንተ ስሜን በቁሜ ልትቀብረው ነው። የልጅ ልጆቼ ምን ይሉኛል? ይህንን ለማየት ነው አዝዬ ያሳደግኩህ?"

መዝጋቢው እንዳዘለው ያውቃል፤ የዚያ ጀርባ ሙቀት እስካሁን ደረቱ ላይ ያለ ይመስለዋል። "ይቅር በለኝ" ብሎ ወጣ። ወንድሙ አልጠራውም።

ከዚያ ወደ ግንበኛው ቤት ሄደ። ግንበኛው ግቢው ውስጥ የአጥሩን ስንጥቅ በሲሚንቶ ይመርግ ነበር። አፍንጫው እንደተጣመመ ቀርቷል።

"አወቁኝ?" አለው መዝጋቢው።

"እንዴት አላውቅዎትም? እኔን ሲያዩ መንገድ የሚሻገሩት ሰውዬ አይደሉ?"

መዝጋቢው ቆሞ ነገረው። ሰበብ አልጨመረም፤ "አይቻለሁ፤ እያወቅሁ ነው የጻፍኩት" አለ። ግንበኛው መመረጊያውን ባልዲው ውስጥ ነከረ።

"እኔም ተጠራጥሬ ነበር" አለ። "ራሴን ስቼ ነበርና ምናልባት አልሜው ይሆን እያልኩ። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲል አንተ ብቻህን ምን ትላለህ? ልጄ ያን ቀን 'ስምህ የለም' ካለኝ በኋላ በሌላ ነገር እውነት እየነገርኩት እንኳ ዓይኑን አየው ነበር፤ አመነኝ ወይስ አላመነኝም እያልኩ።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

"ይቅርታው ይቆይ። ልጄ አሁን ከሥራ ይመጣል። እኔ ፊት ይንገሩት።"

ተቀምጠው ጠበቁት። ግንበኛው ሻይ አቀረበለት፤ መዝጋቢው ግን መጠጣት አፈረ። ቀለም ቀቢው ሲመጣ የትናንቱን አለቃ አባቱ ቤት አይቶ ደነገጠ፤ ቀለም ያበላሸ መስሎት። መዝጋቢው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረው። ልጁ ወደ ቧንቧው ሄደ፤ እጁን መታጠብ ጀመረ። የጣቶቹ ቀለም ለቆ ካለቀ በኋላም ሲታጠብ ቆየ። ከዚያ እጁ ውሃ እያንጠባጠበ መጥቶ አባቱ እግር ሥር ተቀመጠ።

"አባዬ፣ በየት በኩል ነበር የመታሃት?"

ግንበኛው ሳቀና ጆሮ ግንዱን በሲሚንቶ ጣቱ ነካ አደረገ። "በዚህ ነዋ! እስካሁን ዝናብ ሲመጣ ያመኛል።" ከዚያም የማዕዘን ምቱን ማን እንዳሻማው፣ እሱ ከየት እንደተነሣ፣ ጭቃው እስከ የት እንደዋጠው ይተርክ ጀመር። መዝጋቢው መኖሩን ሁለቱም ረሱት። ሳይሰናበታቸው ቀስ ብሎ ወጣ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነገሩን ሲሰማ "'በምዝገባ ስህተት' ብለን እናልፈዋለን" አለ።

"ስህተት አይደለም። 'መዝጋቢው እያወቀ' ተብሎ ይጻፍ።"

"አንተ ሰው፣ ራስህን በራስህ ልታሰናብት ነው?"

"መሰናበቱስ ዘግይቷል" አለው። እንዳለውም ተጻፈ። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት የመዝገቡን ቁምሳጥን ቁልፍ አስረክቦ ወጣ።

ሃምሳኛው ፍጻሜ ላይ ግንበኛው ሜዳሊያውን ሲቀበል ልጁ ክንዱን ደግፎት ነበር። መዝጋቢው ከሕዝቡ መሐል ሆኖ አጨበጨበ። ለወንድሙ የተያዘው ወንበር ባዶ ነበር። ሻይ ቤት ውስጥም ከእንግዲህ ማንም ገላግለን አይለውም፤ ሲገባ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ይኼ ይገባኛል ይላል። የወንድሙ ነገር ግን አልወጣለትም። አንዱን በደል ሲክስ ሌላውን ሰው እንዳቆሰለ ያውቃል፤ ያ ሰው ደግሞ ያሳደገው ነው።

እሑድ እሑድ ወደ ወንድሙ ቤት ይሄዳል። የወንድሙ ሚስት በሩን ገርበብ አድርጋ "ተኝቷል" ትለዋለች፤ ከውስጥ የቴሌቪዥን የኳስ ጩኸት ይሰማል። "እሺ፣ ሰላም በይልኝ" ብሎ ይመለሳል። ሰባት ወር እንዲህ ሆነ። በስምንተኛው ሚስቲቱ ከቤት አልነበረችም።

"ማነው?" አለ ወንድሙ ከውስጥ።

"እኔ ነኝ ጋሽዬ።"

በሩ አልተከፈተም። መዝጋቢው ሊመለስ ዞር ካለ በኋላ ምን እንዳለው እንጃ፣ "ስንት ለስንት ናቸው?" ብሎ ጠየቀ።

ብዙ ቆይቶ ከውስጥ መልስ መጣ።

"አንድ ለአንድ።"

መዝጋቢው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ፤ ጨዋታው እስኪያልቅም ከዚያው አልተነሣም።