ፓኪስታናዊው ዐሙ

የብርቱካን ልጣጭ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ የሚሰጠውን ሽታ ታውቁት እንደሆነ እንጃ። ባለፈው ቅዳሜ ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ የምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ መኪናዋ እስክትሞላ እጠብቅ ነበር። ከፊት መስታወቱ ሥር ልጣጭ ተደርድሯል። የረፋዱ ፀሐይ በመስታወቱ ገብቶ ሲያሞቀው ሽታው መጣ፤ ደረቅ፣ ጣፋጭ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ የሚመር። ወያላው ሰው እየጠራ ይጮኻል፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት እግሯ ሥር ያስቀመጠቻትን ዶሮ ጸጥ ለማሰኘት ትታገላለች። እኔ ግን ዐረብ አገር ነበርኩ፤ አንድ ነጭ መኪና ውስጥ፣ ከዐሙ ወንበር ኋላ።

ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ። አሥረኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት አልመጣልኝም። የሰፈራችን ልጆች ተራ በተራ ሲሄዱ እኔም ልሂድ አልኩ። ደላላው፣ «የሚቀጥሩሽ ሰዎች ሙስሊም ነው የሚፈልጉት፤ ስምሽም ይቀየራል፣ ማተብሽም ይወልቃል» አለኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አንስታ ወደ ጎረቤታችን ሄደች። ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው። ከእናቴ ጋር አብረው አድገው፣ አጠገብ ለአጠገብ ትዳር ይዘው የኖሩ ሴት ናቸው። እማማ ነው የምላቸው።

«ልጅቷ ሰው አገር እንዳትዋረድብኝ፣ አስተምሪልኝ» አለቻቸው እናቴ።

እማማ ግቢያቸው ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈው የውዱእ አስተጣጠቡን፣ መቆሙን፣ መጎንበሱን፣ መስገዱን አሳዩኝ። የቁርኣኑን መክፈቻ ፋቲሓን ቃል በቃል እያሉልኝ እደግማለሁ። ስሳሳት አንዳንዴ አጥሩ ጥግ የቆመችው እናቴ ከእሳቸው ቀድማ ታርመኛለች። ለካ ዕድሜዋን ሙሉ በአጥር ስትሰማው ነው የኖረችው። ልሄድ ስል እማማ እጄን ይዘው፣ «ይኼ ያንቺ ስግደት እንዳልሆነ አላህ ያውቃል ልጄ። እንጀራሽን ፍለጋ ነው፤ አብሽሪ» አሉኝ። ሦስታችንም ተላቀስን።

የተቀጠርኩበት ቤት ሰፊና ቀዝቃዛ ነበር። ሥራዬ የእመቤቲቱን እናት መንከባከብ ነው። አሮጊቷ ግማሽ ጎኗ የማይንቀሳቀስ፣ ንግግሯም የማይሰማ ነበረች። ሾፌሩ ፓኪስታናዊ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸው በሂና የቀላ። ቤተሰቡ «ፓኪስታኒ» ብሎ ነው የሚጠራቸው። እኔ ዐሙ አልኳቸው፤ አጎቴ እንደማለት ነው። ዐረብኛ አንቱ የለውም፤ በልቤ ግን አንቱ ነበር የምላቸው። እሳቸው «ቢንቲ» ይሉኛል፣ ልጄ። የሁለታችንም ዐረብኛ የተሰባበረ ስለነበር ከቤቱ ባለቤቶች ይልቅ እኛ እንግባባ ነበር።

የእመቤቲቱን ልጆች ከትምህርት ቤት ለማምጣት አብሬያቸው እሄዳለሁ። ደወሉ እስኪደወል አንዲት ለምለም ዛፍ በሌለችበት መንገድ ዳር ቆመን እንጠብቃለን። ዐሙ ብርቱካን ይልጡና ግማሹን ወደ ኋላ ያቀብሉኛል፣ ልጣጩን ከመስታወቱ ሥር ይደረድሩታል። «የኔ ሽቶ ነው» ይሉ ነበር።

ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥኑ አይጠፋም። አንድ ቀን ፓኪስታን ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ አሳዩ፤ የተገለበጠ ጋሪ፣ ባዶ ጫማ፣ የሚጮኹ ሰዎች። ትንሹ ልጅ መኪና ውስጥ፣ «ፓኪስታኒ፣ እናንተ ቤትም ቦምብ አለ?» ሲል ጠየቃቸው። «እኛ ቤት ያለው ፍየል ነው፤ እሱም የሚፈነዳው ሲርበው ነው» አሉት። ልጁ ሳቀ። በመስታወቱ ሳያቸው እሳቸው አልሳቁም።

ሌላ ቀን ደግሞ የኛን አገር አሳዩ። ድርቅ፣ የከሱ ከብቶች፣ ዓይኑን ዝንብ የወረረው ሕፃን። እመቤቲቱ ከንፈሯን መጥጣ፣ «ብዪ አንቺ፣ ብዪ» ብላ የልጆቿን ትራፊ ወደ እኔ ገፋችው። በማግስቱ ዐሙ መሪውን ይዘው ወደ ፊት እያዩ፣ «የኔን አገር ሲያሳዩ ደም፣ ያንቺን ሲያሳዩ አጥንት። እኔ ከዚያ ቴሌቪዥን በቀር ስላንቺ አገር የማውቀው የለም። አንቺም እንደዚያው። እስቲ ንገሪኝ፤ ጠዋት ስትነሺ ምን ይታይሻል?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ክረምት ላይ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ደጃፋችን ድረስ እንደሚመጣ፣ የጎረቤት ድምፅ እየተሰማ ሰውየው እንደማይታይ ነገርኳቸው። ስለ ገብስ ማሳውና ገበያ ስለሚወርዱት በቅሎዎች አወራሁ። ከዚያ ሠርግ ነገርኳቸው፣ እዚህ ላይ ግን ነገሩን ገለበጥኩት። እኔ ሙስሊም ነኝና እናቴን ጎረቤት አደረግኳት። «ጎረቤታችን ክርስቲያን ናት» አልኳቸው። «ስንደግስ ለሷ ወገኖች ለብቻ ይታረዳል፤ ስትደግስም ለኛ እንደዚያው። ድንኳኑ ግን አንድ ነው።»

ዐሙ ዞረው አዩኝ። «አንድ ድንኳን?»

«አንድ ድንኳን።»

«ስትሞትስ? ማን ይቀብራታል?»

«ሁላችንም ነና።»

ከዚያ በኋላ በየጊዜው ያችን ክርስቲያን ጎረቤታችንን ይጠይቁኝ ጀመር። ደህና ናት? እግሯን ተሻላት? እኔም ስለ እናቴ የፈለግኩትን ሁሉ እንደ ልብ አወራላቸው ነበር። በዚያ አገር ስለ እናቴ እውነቱን የማወራው በዚያ ውሸት ውስጥ ብቻ ነበር።

ሚኒባሷ ሞልታ ተነሳች። አቧራው በመስኮቱ ሲገባ ሰው ሁሉ በነጠላው አፍንጫውን ሸፈነ። እኔም ሸፈንኩ፤ እንባዬንም ደበቀልኝ።

የኔን ስልክ እመቤቲቱ ወስዳብኝ ስለነበር ወንድሜ የሚደውለው በዐሙ ስልክ ነው። አንድ ቀን ልጆቹን አድርሰን ስንመለስ ስልኩ ጮኸ። ዐሙ ወደ ኋላ አቀበሉኝ። ወንድሜ ብዙ አላወራም። «እናታችን አረፈች። ትናንት ቀበርናት» አለ። ታማ እንደነበር እንኳ አልነገሩኝም፤ ሰው አገር ምን ታደርጋለች ብለው።

ምን እንዳደረግኩ አላስታውስም። ዐሙ ናቸው በኋላ የነገሩኝ። «እመብርሃን» ብዬ ጮኼ ሦስት ጊዜ አማተብኩ። ፊቴን በጥፊ መታሁ።

ወደ ቤት የምንታጠፍበትን መንገድ አለፉት። ዝም ብለው ነድተው ባሕሩ ዳር አቆሙ። ውኃው ነጭ ነበር፣ ዓይን የሚያሳምም። ሞተሩን አላጠፉም፤ ማቀዝቀዣው እየነፈሰ፣ መስታወቱ ላይ የተሰቀለው መቁጠሪያቸው ሲወዛወዝ ትዝ ይለኛል። እስኪበቃኝ አለቀስኩ። ከዚያ እንባዬ ሳይደርቅ ፍርሃት መጣብኝ። ማማተቤን አይተዋል። ለእመቤቲቱ ቢነግሩ ምን እሆናለሁ? እኔን ያስቀጠሩኝ ሰዎችስ?

«ጎረቤታችሁ ናት የሞተችው?» አሉኝ፣ ሳይዞሩ።

«እናቴ ናት።»

«አውቃለሁ» አሉ። ከዚያ ስለ ልጅነታቸው ነገሩኝ።

መንደራቸው ወንዝ ዳር ነው። የልጅነት ጓደኛቸው ክርስቲያን ነበር፤ አባቱ ጡብ እየሠራ የሚያድር። አንድ ቀን አንድ ሰው፣ እነዚህ ሰዎች ሃይማኖታችንን ሰደቡ ብሎ አወራ። ምን እንደተባለ፣ ማን እንደሰማ የሚያውቅ አልነበረም። ከሰዓት የተነሳው ወሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት አቃጠለ። «አባቴ በሩን ዘጋና ዝም በሉ አለን። እኔ በቀዳዳ አየሁ። ጓደኛዬ ትንሽ እህቱን አዝሎ በሸንኮራ አገዳው ማሳ ውስጥ ይሮጣል። ወደኛ በር አላየም። ቢያይ ኖሮ ምን እንደማደርግ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት።

«በነጋታው ጋዜጠኞች መጡ። የተቃጠለውን ቤት ቀረጹ። ዓለም ሁሉ አየው፤ እውነትም ነው፣ ተቃጥሏል። አባቴ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ዳቦ ጠቅልሎ እየወጣ በየሸንኮራው ሲፈልጋቸው ነበር። ያንን የቀረጸ የለም። አላገኛቸውምም።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና፣ «ከመንደሬ ሳልወጣ ብቀር ኖሮ ዓለም ሁሉ እንደኛ ሰፈር ይመስለኝ ነበር። በሩን የሚዘጋና የሚያቃጥል ብቻ። አንድ ድንኳን ስትዪኝ ውሸትሽን መስሎኝ ነበር» አሉ።

«ድንኳኑ እውነት ነው ዐሙ» አልኳቸው። «እናቴ እኮ ናት ፋቲሓን ያረመችኝ።»

ሲስቁም ሲያለቅሱም አንድ የሚሆኑ ሰዎች አሉ። ዐሙ ያን ቀን እንደዚያ ሆኑ። ከዚያ መኪናውን አዙረው ወደ ቤት ወሰዱኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ወንድሜ የቀብሩን ፎቶ በስልካቸው ላከ። ካህናቱ፣ መስቀሉ፣ ጥላው፣ አስከሬኑን ከተሸከሙት ሰዎች መካከል ቆብ ያደረጉት የእማማ ልጆች። እማማ ራሳቸው ከፊት ሆነው ደረታቸውን ይመታሉ። ዐሙ ያንን ፎቶ በጣታቸው እያሰፉ ብዙ አዩት። እኔ ግን ፈራሁ፤ «ይጥፋ ዐሙ፣ ሰው ያየዋል» አልኳቸው።

«የእናት ቀብር አይጠፋም» አሉ። ትምህርት ቤቱ ደጃፍ በቆምን ቁጥር ሳልጠይቃቸው ስልኩን ከፍተው ያቀብሉኝ ነበር።

አንድ ከሰዓት የእመቤቲቱ ትልቋ ልጅ ስልኳ ተዘግቶባት የዐሙን ለመደወል ወሰደች። ፎቶውን አገኘችው። ፎቶው ሥር ወንድሜ የኔን ፊት ከድሮ ፎቶ ቆርጦ፣ አንገቴ ላይ ማተብ እንዳለ፣ ከእናቴ ምስል ጎን ለጥፎት ነበር። ሁለታችንም ሳሎን ተጠራን። ቴሌቪዥኑ ያን ቀን ጠፍቶ ነበር፤ ቤቱ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም።

እመቤቲቱ እኔን አላየችም። «አንተ ታውቅ ነበር?» አለቻቸው።

«አውቅ ነበር።»

«ከኛ ጋር ትሰግዳለህ፣ ከኛ ጋር ታፈጥራለህ። እንዴት ትደብቀኛለህ?»

ዐሙ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ወለሉን እያዩ፣ «እመቤቴ፣ እናቷ ሞታባት ነበር» አሉ።

እኔን የሚያባርሩኝ መስሎኝ ልብሴን ሰብስቤ ነበር። ግን አሮጊቷ ከኔ እጅ በቀር ስለማትበላ አስቀሩኝ። የተባረሩት ዐሙ ናቸው። ትንሹ ልጅ ከመወለዱ በፊት ጀምሮ የነዱላቸውን ሰው በአንድ ቀን አሰናበቷቸው። ጠዋት በኩሽናው በር በኩል መጡ። ጢማቸው ሂናው ለቆ ነጭ ሆኖ አየሁት። ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ፤ «አሮጊቷ ሩዙን እምቢ ካለች እርጎ ቀላቅይላት። መስኮቱንም ክፈቺላት፣ ሰማይ ማየት ትወዳለች» አሉኝ። ከዚያ ሌላ ሾፌር አሳፍሮ ወሰዳቸው። ስልካቸው የዚያ አገር ቁጥር ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ አይሠራም።

አሮጊቷ እስክትሞት ድረስ ቆየሁና አገሬ ገባሁ። እናቴ መቃብር ላይ ሣር በቅሏል። ሰው ሁሉ «እንኳን ደህና መጣሽ» እያለ ያመጣሁትን ሻንጣ ያያል። ስለ ዐሙ ለማንም አልተናገርኩም፤ ከየት እንደሚጀመር አላውቅም ነበር።

ከዚያች የሚኒባስ ጉዞ በተመለስኩ ማግስት ነው፤ መካነ ሰላም አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ቴሌቪዥኑ ላይ የፓኪስታን ጎርፍ መጣ። ወንዙ መንደሩን ውጦታል። ሰዎች ጣሪያ ላይ ቆመዋል፣ አንድ ሽማግሌ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ሆኖ ፍየል በራሱ ላይ ተሸክሟል። ብርጭቆዬን አስቀምጬ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋሁ። ጢም ያለውን ሰው ሁሉ አየሁ። «ምስኪኖች» አለ አንዱ ከኋላዬ፣ ሌላው «ኳስ ተጀምሯል፣ ቀይረው» አለ። ተቀየረ።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ እማማ ዘንድ ሄድኩ። አርጅተዋል፣ ጀሯቸውም ደክሟል። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ትምህርት ቤቱን፣ ባሕሩን፣ ፎቶውን። ፎቶው ውስጥ እሳቸው እንዳሉ ስነግራቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱት።

«ዱዓ ያድርጉላቸው እማማ» አልኳቸው።

እጃቸውን ከፈቱ። «ማን ልበል? ስማቸው ማን ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ያ ቤት ፓኪስታኒ ነበር የሚላቸው። እኔም ዐሙ ነበር የምላቸው። አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም።

«ስማቸውን አላውቀውም» አልኳቸው።

እማማ ወደ ሰማይ ቀና አሉ። ከዚያ የተከፈተ እጃቸውን ሳያወርዱ፣ «ያ ረቢ፣ ያንን የኛን ለቅሶ ሲያይ የኖረውን ሰው» አሉ፣ «በሕይወት ካለ አንተ ጠብቀው። ከሞተም በዱዓ የሚያነሳው ሰው አይጣ።»

አሚን አልኩ። ዱዓው ካለቀ በኋላም ሁለታችንም እጃችንን ሳናወርድ ቆየን።