አይብ በዐቢይ ጾም

ደብረ ብርሃን ማስተማር ከመጀመሬ በፊት በፈቃደኝነት ወደ ኮሪያ ዘምቼ፣ የቆሰሉ ወታደሮቻችንን በነርስነት አስታምሜያለሁ። ከቁስለኞቹ አንዱ፣ የአንኮበር ቄስ ልጅ፣ ዐቢይ ጾም ነው ብሎ ሥጋም ወተትም እምቢ አለ። ቁስል በባዶ ሆድ አይሽርም፤ ልጁም በየቀኑ እየደከመ ሄደ። አብራኝ ለምትሠራው ኮሪያዊት ነርስ ችግሩን በምልክትም በቃልም አስረዳኋት። በማግስቱ ነጭ፣ ለስላሳ ምግብ ይዛ መጣች።

«እህቴ፣ በጾም አይብ ልታበሉኝ?» አለኝ ፊቱን አዙሮ።

ነርሷ ወዲያው ሄዳ የተዘፈዘፈ ባቄላ መሳይ ጥራጥሬ አመጣችና እዚያው እያየ ወቅጣ፣ ጨምቃ ነጩን ፈሳሽ አሳየችው፤ ምግቡ ከዚያ የረጋ መሆኑንም በምልክት ነገረችው።

«አንኮበር ገብቼ አይብ ከጥራጥሬ ይወጣል ብል፣ የቆሰለው ጭንቅላቱ ነው ይሉኛል!» ብሎ ሳህኑን ጠረገው።

እኔም ጿሚ ነበርኩና፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ፋሲካ ከነርሷ ጋር ከአንድ ሳህን በላን።