ሳይነካ የሚታለፈው ሰው

በአሜሪካ ፉትቦል ቪር የሚባለውን አጨዋወት ለማንም ሰው በአንድ ምሳ ሰዓት አስረድቼ መጨረስ እችላለሁ። ይህን ችሎታዬን ድሮ እንደ ጸጋ እቆጥረው ነበር።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ከባልድዊን ሂልስ ግርጌ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር። ኮሌጅ ሳለሁ አብሮኝ ይኖር የነበረው ልጅ ፉትቦል ተጫዋች ስለነበር ጨዋታውን ከእሱ ተምሬዋለሁ። ርዕሰ መምህሩ ይህን ሲሰማ፣ ከኳሱ ፊት ተሰልፈው ለሯጩ መንገድ የሚከፍቱትን ልጆች እንዳሰለጥን የዋናው አሰልጣኝ ረዳት አደረገኝ። ከእነዚህ አንዱ የኛው አገር ልጅ ነበር፣ የታክሲ ነጂ ልጅ። ትከሻው በር ይሞላል። እኔን ግን ይበልጥ የሚያስደስተኝ የተነገረውን ልክ እንደተነገረው ማድረጉ ነበር። በዚያ መኸር አንድ የኮሌጅ አሰልጣኝ መጥቶ ሊያየው ቀጠሮ ይዟል። ከወደደው ኮሌጁ በነጻ ያስተምረዋል፤ ካልወደደው የሚጠብቀው የአባቱ ታክሲ ነው።

ቪር እንዲህ ነው። በሌላው አጨዋወት እያንዳንዱ ልጅ ከፊቱ የቆመውን ተከላካይ ይገፋል። በቪር ግን አንድ ተከላካይ ሆን ተብሎ ይተዋል። የኛ ልጅ ከዚህ ሰው ፊት ይነሳና፣ ሳይነካው ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ላይንባከር የሚባለውን ከኋላ የቆመ ሌላ ተከላካይ ሊመታ ይሮጣል። ኳሱን የያዘው ኳርተርባክ ዓይኑን ከተተወው ሰው ላይ አይነቅልም። ሰውየው ወደ ውስጥ ከገባ ኳርተርባኩ ኳሱን ይዞ በውጭ በኩል ያመልጣል። ውጭ ከቀረ ደግሞ ኳሱን በውስጥ ለሚሮጠው ልጅ ይሰጣል። ሰውየው የቱንም ቢመርጥ ተሳስቷል፤ የተሸነፈውም ማንም ሳይነካው ነው። እኔ ከዚህ የበለጠ ቆንጆ ነገር አላውቅም ነበር።

አባትየው የመጀመሪያውን ጨዋታ ሊያይ ሁለት የሥራ ጓደኞቹን ይዞ መጣ። አሸነፍን። እነሱ ግን ያዩት ልጁ ከፊቱ የቆመውን ግዙፍ ሰው እየተወ በጎኑ ሲሾልክ ነው፣ ያውም ደጋግሞ።

በማግስቱ ፌርፋክስ ጎዳና ምሳ ልበላ ገባሁ። መንገዱ ሊትል ኢትዮጵያ የሚለውን ስም ገና አላገኘም፤ ኦሎምፒክ ከሚባለው ጎዳና አጠገብ ያገሬ ሰው የሚሰበሰብበት አንድ ምግብ ቤት ነበር። አባትየውን ከበው ይቀልዱበታል።

«ልጅህ ጨዋ ነው» ይላል አንዱ። «ታላቅ ሰው ሲያይ ‹ይለፉ› ብሎ መንገድ ይለቃል።»

«የታክሲ ነጂ ልጅ አይደል?» አለ ሌላው። «ከባድ መኪና ሲመጣ ዳር መያዝ ያውቃል።»

«ተዉት እባካችሁ። ሰውየው እኮ ያስፈራል፤ እኔም ብሆን እሸሽ ነበር።»

አባትየው አብሯቸው ይስቃል፤ ምግቡን ግን አልነካውም።

«ጋሼ፣ ነገሩን ላስረዳዎት» አልኩና ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ ደረደርኩ። የጨው ዕቃውን ሳይነካ የሚታለፈው ሰው አደረግኩት። አንድም ነገር ሳላስቀር ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ።

«ሰውየው ሳይገባም ሳይወጣም መሀል ላይ ቢቆምስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ መለስኩለት።

«ገባኝ» አለ። የምሩን ነው፤ ጣቱን በብርጭቆዎቹ መሀል እየነዳ አንድም ቦታ ሳይስት ደገመልኝ። ከዚያ ወደ ጓደኞቹ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለኔ ገባኝ። ለነዚህስ?»

«ለነሱም አስረዳቸዋለሁ።»

«ስንቱን ታስረዳለህ? ሰው የሚያየው ልጄ ሲሸሽ ነው። ከፊቱ የቆመውን ይምታ በለው።»

«እንደሱ ካደረገ ጨዋታው ይበላሻል፣ ጋሼ።»

«ጨዋታ አይደል እንዴ? ይበላሽ።»

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። እሱን ካስረዳሁ የቀረው የንዴት ወሬ ነው ብዬ ነበር።

የኮሌጁ አሰልጣኝ የመጣው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። አባትየው ከፌርፋክስ አንድ መደዳ ሰው አምጥቷል። ቪር በኛ ልጅ በኩል ተጠራ። ልጁ ተነሳ፤ አልታጠፈም። ከፊቱ የቆመውን ሰው ደረቱ ላይ መትቶ ወደ ውጭ እየገፋ ወስዶ በጀርባው ጣለው። ኳርተርባኩ ሰውየው ወደ ውጭ ሲሄድ አየና፣ እንዳስተማርነው ኳሱን በውስጥ ለሚሮጠው ሰጠ። እዚያ ማንም ያልሄደበት ላይንባከር ቆሞ ይጠብቃል። ግጭቱ እኔ ያለሁበት ድረስ ተሰማ። ኳሱ ከሯጩ እጅ አመለጠ፤ የሮጠው ልጅ ትከሻውን ይዞ ሳሩ ላይ ቀረ። አጥንቱ ተሰብሯል።

ሜዳው ጸጥ ባለበት ከተመልካቾቹ መቀመጫ ጭብጨባ መጣ። ያገሬ ሰዎች ቆመዋል፤ አባትየው መሀላቸው ነው፣ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ። የሌሎቹ ልጆች ወላጆች ዞረው ያዩዋቸዋል።

ዋናው አሰልጣኝ የኛን ልጅ ከጨዋታው አስወጣው። የኮሌጁ ሰው እረፍት ሳይደርስ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

«መቶ ጊዜ ሠርተነዋል እኮ» አልኩት ልጁን።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ነካህ?»

ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነበር የምናወራው። ያን ቀን በአማርኛ መለሰልኝ፤ «አባቴ እያየኝ ነበራ፣ ቲቸር።»

ሰኞ ማሊያውንና ሄልሜቱን መለሰ። የክፍሉ ልጆች አላናገሩትም፤ እሱም እኔን አላናገረኝም።

ረቡዕ ማታ ፌርፋክስ ስገባ አባትየው ገና ከበር አየኝና ተነሳ። «ልጄን ያሰለጠነው ይሄ ነው!» አለ። ሰዎቹ ተራ በተራ ጨበጡኝ። አንዱ የወደቀውን ተከላካይ አወዳደቅ ወንበር ላይ ሆኖ ሲያሳይ ሁሉም ሳቁ። አባትየው ወንበር ሳበልኝ፤ ምግቤንም ራሱ አዘዘልኝ።

«ለሚቀጥለው ጨዋታ ሰው ጨምረን እንመጣለን» አለኝ። «እነዚህም ሚስቶቻቸውን ያመጣሉ።»

ልጁ ቡድኑን መተዉን እንዳልነገረው ያን ጊዜ ገባኝ። አባትየው እንጀራ ቆርሶ እየጠቀለለ አፌ ድረስ አመጣልኝ፤ ተቀብዬ ጎረስኩ።